በጐንደርና በሰሜን ደጋ ስለሚመጣው ሳምንት የክረምት ዝናም የቀረበ ትምህርት

ለክቡራን የአገር ገዢዎች፥ ለባለመሬቶችና ለወረዳ ሹማምንት።

ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዘመነ ክረምት መባሉ የታወቀ ነው። ከዚህም ውስጥ ሐምሌ 19 ቀን የሚጀምረው ክፍል የመብረቅ፥ የነጐድጓድና የወንዞች ወራት ይባላል። የቀደሙት ሊቃውንት ይህን ስም ያለ ምክንያት አላወጡለትም፤ በጐንደር ከተማ ከዓመቱ ዝናም ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነውና። ስለዚህ ከሐምሌ 19 እስከ 25 ያለውን ሳምንት ምሳሌ አድርገን፥ የሚመጣውን ሳምንት ዝናም የሚናገር ማስታወቂያ በደረሰ ጊዜ ሹም ምን ማዘዝ እንደሚገባው በአጭሩ እንገልጣለን።

ስለ ዝናሙ ምክንያት። በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ፥ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደን በኩል ወደ አገራችን ይነፍሳል። ነፋሱ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ደመና ሆኖ ይዘንማል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከጣና ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ያለው የደምቢያ ሜዳ፥ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው ጐንደርና ከ2,800 ሜትር ገደማ ያለው ደባርቅ በአንድ ማስታወቂያ ቢጠሩም፥ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ለሦስቱም አይበቃም።

ዝናሙም ከዓመት ዓመት ይለያያል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፥ ኤልኒኞ የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መሞቅ በታየበት ጊዜ፥ በጃናሞራ፥ በበየዳና በጠለምት ዝናም ጠፍቶ ሕዝቡ ተቸገረ፤ ከብቱም አለቀ። በሚቀጥለው ክረምት፥ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፥ በዚያው በጠለምት ከባድ ዝናም መሬቱን አንሸራትቶ ሰው ገደለ፥ ብዙ ቤተሰብም ከቤቱ አፈናቀለ። ስለዚህ ሹም ለድርቅም ለጐርፍም ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

ስለ ማስታወቂያው አነባበብ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በሚያወጣው ጽሑፍ «መደበኛ» ማለት በዚያ ቦታና በዚያ ወቅት በብዙ ዓመት የተለመደው መጠን ነው። ስለዚህ በሐምሌ «ከመደበኛ በታች» መባሉ ዝናም ጭራሽ አይኖርም ማለት አይደለም። ከመቶ 70 ዕድል ያለው ዝናምም፥ እንዲህ ካሉት 10 ሳምንቶች በ7ቱ ይዘንማል፥ በ3ቱ ይቀራል ማለት ነው፤ በቀረም ጊዜ ማስታወቂያው ሐሰት ነበር አይባልም። 1 ሚሊሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ 50 ሚሊሜትር ሲዘንም ሩብ ሄክታር በሆነ አንድ ጥማድ ላይ 125,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል።

ከባድ ዝናም በተነገረ ጊዜ የሚሰጥ ትእዛዝ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ በደምቢያና እርሱን በመሰለ ጥቁር መሬት ውሃ እንዳይተኛ ፈሰሱ አስቀድሞ ይጠረግ። በተዳፋት ላይ ግን ፈሰስ ቍልቍል ቀጥ ብሎ ቢቀደድ ቦረቦር ያወጣል፤ ስለዚህ በጥቂቱ አግድም ይቀደድ። የአንዱ ፈሰስ በጐረቤቱ ማሳ ላይ ሲፈስ ጠብ ይነሣልና፥ የውሃው መውጫ የጋራ እንዲሆን ሹሙ ከሽማግሎች ጋር ሆኖ ከዝናሙ በፊት ይወስን።

2ኛ፤ የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለ ሆነ በከባድ ዝናም ዋዜማ አይዘራ፤ ጐርፍ ይጠርገዋል። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያም በዚያ ዋዜማ ቢበተን ታጥቦ ይሄዳል፤ ገንዘቡም ይባክናል።

3ኛ፤ በደጋው ብርድና ጉም ብዙ ቀን በቈየ ጊዜ የድንችን ቅጠል የሚያጠቍረው በሽታ ይነሣል። ገበሬው ማሳውን በየማለዳው ይይ፤ ምልክቱንም ባየ ጊዜ ለእርሻ ባለሙያ ያስታውቅ።

4ኛ፤ በተሰነጠቀ ተዳፋት ሥር የሚኖሩ ሰዎች ሌሊት ሳይመጣ ወደ ደኅና ቦታ ይውጡ። መገጭና ርብ በሞሉ ጊዜ ማንም እንዳይሻገር ጠባቂ ይቁም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በደምቢያ የደረሰው ጐርፍ የሚረሳ አይደለም። እረኞችም በነጐድጓድ ጊዜ ከዛፍ ሥር እንዳይጠለሉ ይነገራቸው።

ሳምንቱ ደረቅ ይሆናል በተባለ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ በአረም ይትጋ፤ ዘሩ ያልበቀለበት ማሳ ተቈጥሮ ይጻፍ፤ በቶሎ የሚደርስ ዘር አስቀድሞ ይፈለግ። በ2015 ዓ.ም. እንደ ታየው፥ ረኀብ የሚጀምረው ጐተራ ባዶ ሲሆን ሳይሆን በሐምሌ ማሳው ሳይበቅል ሲቀር ነው።

በየወረዳውም የዝናም መለኪያ ዕቃ ያለው ሁሉ በየቀኑ ጧት በ3 ሰዓት መጠኑን ይመዝግብ። ማስታወቂያው በመዝገብ ቤት ከቈየ ለገበሬው አይረባም፤ ስለዚህ በደረሰበት ቀን በገበያና ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ይነበብ። ፈሰስ ለመጥረግ የአንድ ቀን ድካም ይበቃል፤ ሳይጠረግ ቢቀር ግን የሚጠፋው የዓመት እህል ስለ ሆነ፥ ሹማምንት ሁሉ ትእዛዙን ከደመናው በፊት እንድታደርሱ እናሳስባለን።