ከእጅ ስልክ ጋር ስለሚገናኘው የመኪና ራዲዮ፥ ለወለጋ ነጋዴዎች

በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በነጆ፥ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ለሚነግዱ ሁሉ፥ በተለምዶ «ቴፕ» የሚባለው የመኪና ራዲዮ መቀበያ ዛሬ ከእጅ ስልክ ጋር የሚገናኝ ዕቃ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ ያሉትን መኪናዎች እያደሱ መገልገል ግድ ስለሆነ ለዚህ ዕቃ የሚሰጠው ትኩረት ሊጨምር ይገባል። ይሁን እንጂ ዕቃው የሚመረጠው በመስተዋቱ ስፋት ብቻ ከሆነ ገዢው መልሶ ያመጣዋል፤ ያን ጊዜ ከነጋዴው የሚጎድለው ትርፉ ብቻ ሳይሆን ስሙም ጭምር ነው። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት አራት ነገሮች መመርመር አለባቸው።

አንደኛው የሞገድ ክልል ነው። የአገራችን የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራሉ። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት የቀድሞ መቀበያዎች ግን ከ76 እስከ 90 ብቻ፥ አዲሶቹም ብዙውን ጊዜ እስከ 95 ይቀበላሉ። እንዲህ ያለው መቀበያ በ97.1 ወይም በ102.1 የሚያሰራጭ ጣቢያን ሊያሰማ አይችልም። በመካከለኛ ሞገድም የአፍሪካ ጣቢያዎች በ9 ኪሎኸርዝ፥ የአሜሪካ ጣቢያዎች በ10 ኪሎኸርዝ ልዩነት ስለሚደረደሩ፥ ሁለቱንም የሚመርጥ መቀበያ ይፈለግ።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የቤት አውቶሞቢል ባትሪ 12 ቮልት ሲሆን፥ የብዙ ጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ግን 24 ቮልት ነው። ለ12 ቮልት የተሠራ መቀበያ መቀነሻ ሳይደረግለት በ24 ቮልት ቢገጠም ይቃጠላል።

ሦስተኛው የድምፅ ጉልበት ነው። በካርቶኑ ላይ «4 ጊዜ 50 ዋት» የሚለው ጽሑፍ የቅጽበት ከፍተኛውን ልክ የሚያመለክት ነው። በ14.4 ቮልትና በ4 ኦም ስፒከር ተራ መቀበያ ሳይዛባ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሊሰጥ የሚችለው ከ26 ዋት አያልፍም። ነጋዴው ይህን አስቀድሞ ለገዢው ቢያስረዳ ከክርክር ይድናል።

አራተኛው የስልኩ ግንኙነት ነው። ካርፕሌይና አንድሮይድ አውቶ የተባሉት ዘዴዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም የተዋወቁ ሲሆን፥ የስልኩን ካርታ፥ ጥሪና ዘፈን በመኪናው መስተዋት ላይ ያሳያሉ። ብሉቱዝና ማይክሮፎን ያለው መቀበያ ሾፌሩ ስልኩን በእጁ ሳይዝ እንዲነጋገር ያስችለዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ወለጋ፥ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ እንደነበረ ነጋዴው አይዘነጋውም። ሁሉን ነገር ከኢንተርኔት የሚጠብቅ ዕቃ እንዲህ ባለ ጊዜ ዋጋ ያጣል። አስቀድሞ በስልኩ ላይ የተቀመጠ ካርታና ዘፈን ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በፍላሽ የሚጫወትና ጥሩ ራዲዮ ያለው መቀበያም እንደዚሁ አገልግሎቱን ይሰጣል።

እንግዲህ አስመጪው የሞገዱን ክልል፥ ቮልቱንና ትክክለኛውን ዋት በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ በግልጽ ያስጽፍ። ባለሱቁም ዕቃውን ገዢው ባለበት በባትሪ አብርቶ፥ በከተማው የሚሰማውን ጣቢያ ፈልጎና ስልክ አገናኝቶ ካሳየ በኋላ ይሽጥ። በዚህ ላይ የሚጠፋው ጥቂት ደቂቃ የተመለሰ ዕቃ ከሚያስከትለው ኪሳራ እጅግ ያነሰ ነው።