መኪና ጉልበት ሲያጣ በምን እንጀምር?



ከትምህርት ሰዓት ውጭ በመንገድ ዳር ጋራዦች የምትረዱ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የጀመርነውን የቃጠሎ ትምህርት ዛሬ ኮፈን ከፍተን እንቀጥላለን። ጥያቄያችን፣ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ የቤንዚን መኪና ነዳጅ ሲረገጥ ለምን አልፈጥን ይላል የሚል ነው።

በቅድሚያ ስህተቴን ልንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን አቋርጬ አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት ስሠራ፣ አንድ ሽማግሌ ባለታክሲ ላዳቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ዳገት እምቢ አለችኝ» አሉኝ። ምንም ሳልጠይቅ አራት አዲስ ካንዴላ አስገዛኋቸው፤ ካርቡሬተሩንም ፈትቼ አጠብኩ። የሁለት ቀን ገቢያቸው በዚያው አለቀ፤ ላዳዋ ግን ያው ናት። በኋላ ዋናው መካኒክ እጁን ወደ ኋላ ጎማ ቢያስጠጋ ቸርኬው እንደ ምጣድ ግሏል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ስለተያዘ ፍሬኑ አልለቀቀም ነበር። ሽማግሌው አልተቆጡኝም፤ ዝምታቸው ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ሾፌሩን ጠይቁ፤ «ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል ወይስ አብሮ ይደክማል?» ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑን ጠርጥሩ። ሾፌሩ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል። ሳይጠፋ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሙከራውን አትደጋግሙት፤ ያቃጥለዋል።

ሞተሩ አብሮ የሚደክም ከሆነ ደግሞ መኪናውን ሜዳ ላይ ማርሽ አውጥታችሁ በእጅ ግፉት። ሁለት ሰው ገፍቶት በቀላሉ ካልሄደ የያዘው ፍሬን ነው። እኔ ያላደረግሁት ይህንን ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

በቀላሉ ከሄደ አሁን ሞተሩን መመርመር ይቻላል። ቃጠሎ አየር፣ ነዳጅና ብልጭታ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል ወደ 15 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል፤ ይህም 12 ሜትር ኩብ ያህል፣ የአንዲት ትንሽ ክፍል አየር ነው። ያ ሁሉ አየር በአንድ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። በእኛ አካባቢ አቧራ ማጣሪያው ሲደፈን ሞተሩ ይታፈናል፤ በጭስ ማውጫውም ጥቁር ጭስ ይወጣል። አንዳንድ ሾፌሮች ማጣሪያውን አውልቀው «ቀለለኝ» ይላሉ። አቧራው ሲሊንደሩን ሲበላው ግን አያዩትም። ደግሞም ከሜዳው ተነስቶ ኤልዶሬት የወጣ መኪና ቢደክም አትደነቁ። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ይህን የሚጠግን መካኒክ የለም።

ነዳጁን ለማየት ሞተሩን አጥፉ፤ ሲጋራ የያዘ ሰው አይጠጋ። የአየር ማጣሪያውን አንስታችሁ አንድ ሰው ነዳጅ ሲረግጥ የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ከራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ መታየት አለበት። ካልታየ፣ መኪናው ሲረገጥ መጀመሪያ ተንገዳግዶ ኋላ የሚነሳበት ምክንያት ይኸው ነው።

ካንዴላውን በመጨረሻ ፍቱና ቀለሙን አንብቡ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ጤና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ነዳጁ መብዛቱን ወይም አየሩ ማነሱን ያሳያል። እርጥብና ቅባታም ከሆነ ዘይት እየገባ ነው፤ ያ ትልቅ ወጪ ስለሆነ ለባለቤቱ ሳትደብቁ ንገሩት።

ለሚቀጥለው እትም ጥያቄ፦ አንድ መኪና ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ዳገት ላይ ጥቂት ደቂቃ ከወጣ በኋላ ይደክማል፤ ትንሽ ቆሞ ሲነሳ እንደገና ይሄዳል። ጭስ የለውም። መጀመሪያ የምትመረምሩት ምንድን ነው? ለምን? መልሱን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ለክፍል አለቃችሁ ስጡ። ሙያው ያላችሁ አባቶችም ብትጽፉልን በደስታ እናወጣለን።