ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን፣ የግንባታ ፈቃድና የባለሙያ ኃላፊነት

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዛለች፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ዕዳው በቤቱ ላይ ይሆናልና። የዛሬው የሕንፃ ሕግም መነሻው ይኸው ነው። ወደ ሕንፃው የሚገባ ሁሉ ሕይወቱን ለአሠሪው አደራ ይሰጣል።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም፣ በዓሉን ለማክበር በመጡ ምእመናን ላይ ለግንባታ የቆመ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ቀደም ሲልም በጥር 2012 ዓ.ም. በጎንደር የጥምቀት በዓል ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ወድቆ ሕይወት ጠፍቷል። ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት «ጊዜያዊ ነው» በሚባል ሥራ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ለጥቂት ሠራተኞች የተረበረበ እንጨት ለንግሥ የወጣን ሕዝብ አይሸከምም። ምእመናን ለማየት ምንም ያህል ቢጓጉ፣ ግንባታው ያላለቀ ሕንፃ በበዓል ቀን ተዘግቶ ሊጠበቅ ይገባዋል። ይህን መወሰን ያለበት ሰበካ ጉባኤው እንጂ ግንበኛው አይደለም።

«ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት፤ ፎቅም የላትም» የሚሉ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በ«ሀ»፣ በ«ለ» እና በ«ሐ» ሲመድብ የአምልኮ ስፍራን ከትምህርት ቤትና ከሕክምና ተቋም ጋር ከሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ቈጥሮት ነበር። ስለዚህ በዚያ አዋጅ ምድቡ «ሐ» ነበር። መኖሪያ ቤት «ሐ» ለመባል ከፍታው ከ12 ሜትር ማለፍ ሲኖርበት፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ቁመቷ ምንም ቢሆን በሚሰበሰብባት ሕዝብ ትመዘን ነበር። ሕግ ይሻሻላልና በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ከግንባታ ፈቃድ ሰጪው ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ነገሩን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሀና ማርያም አካባቢ እንመልከተው። የመጀመሪያው ሰነድ የይዞታ ማረጋገጫ ነው። የዚህ ወረቀት ዋጋ ለአካባቢው ነዋሪ አዲስ ትምህርት አይሆንም፤ በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ሕጋዊ ሰነድ የላቸውም የተባሉ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ አይቷል። ሁለተኛው ጉዳይ መሬቱ ነው። በደቡባዊ አዲስ አበባ በብዙ ስፍራ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ግድግዳው ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ይቀደዳል። ስንጥቁን በኖራ መለሰን በሽታውን አይፈውስም። የዋልካው ጥልቀት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የጎረቤት መሠረት መለኪያ አይሆንም፤ የአፈር ምርመራ ሊደረግ ግድ ነው።

በምርመራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ የስትራክቸር መሐንዲሱ የመሠረቱን፣ የዓምዱንና የጉልላቱን ልክ ያሰላል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን ያስታወሰ ሰው ይህ ስሌት ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። አርክቴክቱ የቅኔ ማኅሌቱን፣ የቅድስቱንና የመቅደሱን አከፋፈል ከካህናት ጋር ተመካክሮ ይነድፋል፤ በሮቹም ሕዝቡን በአስቸኳይ ጊዜ ማስወጣት እንዲችሉ ያደርጋል። ከዚህ በኋላ ኮሚቴው «ትንሽ ሰፋ ይበል» ብሎ ዓምድ ቢያነሣ የጸደቀውን ፕላን አፍርሷል።

ከምእመናን መካከል በነጻ የሚያገለግል መሐንዲስ ማግኘት በረከት ነው። ሆኖም የሙያ ፈቃዱ የጸና ይሁን፤ በፊርማውም ይጠየቅበታል። ሥራውን የሚሠራው ተቋራጭ ራሱን የሚቈጣጠር እንዳይሆን ተቈጣጣሪው ሌላ ሰው ይሁን። ኮንክሪት በፈሰሰ ቍጥር ናሙና ተወስዶ በ28ኛው ቀን ጥንካሬው ይፈተናል፤ የፈተናው ወረቀት ከገንዘብ ደረሰኙ ጋር በአጥቢያው መዝገብ ቤት ይቀመጥ። ኮንክሪቱን ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ማጠጣቱን ግን ማንኛውም የኮሚቴ አባል በዓይኑ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ሥራው ሲፈጸም የመጠቀሚያ ፈቃድ ይጠየቅ። የቅዳሴ ቤቱ ቀን የሚቈረጠውና ለሊቀ ጳጳሱ የጥሪ ደብዳቤ የሚጻፈው ይህ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ይሁን።