ባለ አምስቱ ኔትቦል

በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ስለ ቅርጫት ኳስ ስንነጋገር የቅርብ ዘመዱ ኔትቦል ብዙውን ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። በአገራችን እምብዛም የማይዘወተር ጨዋታ ስለሆነ ይህ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ለእኛ ለመምህርነት ለምንሠለጥነውና ለምናሠለጥነው ኔትቦል አንድ የሚያቀርበን ነገር አለው፤ ተጸንሶ ያደገው መምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ማርቲና በርግማን ኡስተርበርግ የተባሉ ስዊድናዊት እንግሊዝ አገር ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ ሴት መምህራንን የሚያሠለጥን ኮሌጅ አቋቁመው ነበር። በ1891 አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረው ቅርጫት ኳስ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወደዚህ ኮሌጅ ገባ። ሠልጣኞቹም ጨዋታውን እንዳለ አልተቀበሉትም። ቅርጫቱ በቀለበት ተተካ፣ ሜዳው በሦስት ተከፈለ፣ ኳስ እያነጠሩ መሮጥም ቀረ። በ1901 የመጀመሪያው የጨዋታ ሕግ ታተመ። ተመራቂዎቹ ለማስተማር ወደ ልዩ ልዩ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ሲሄዱ ጨዋታውን ይዘውት ሄዱ። ዛሬ ኔትቦል ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ እስከ ጃማይካ፣ ደቡብ አፍሪካና ማላዊ ድረስ የተስፋፋው በአመዛኙ በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1963 በእንግሊዝ ኢስትቦርን ከተማ በ11 ቡድኖች መካከል ተደረገ።

አጭሩን ውድድር ለመረዳት አስቀድሞ ሙሉውን ጨዋታ ማወቅ ያስፈልጋል። ሜዳው 30.5 ሜትር በ15.25 ሜትር ሲሆን ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ይላል። ከየቡድኑ ሰባት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዳቸውም የቦታቸው ምልክት የተጻፈበት መለያ ስለሚለብሱ ማን የትኛውን የሜዳ ክፍል መርገጥ እንደሚችል ዳኛው አንድ ጊዜ አይቶ ይለያል። ኳስ ከ3 ሴኮንድ በላይ አይያዝም። ተከላካይ ኳስ ከያዘችው ተጫዋች 0.9 ሜትር መራቅ አለባት። ጎል ማግባት የሚፈቀደው ለሁለት ሰዎች ብቻ ነው፤ እነሱም ከቀለበቱ በ4.9 ሜትር ርቀት በተሰመረው ግማሽ ክብ ውስጥ ሆነው መወርወር አለባቸው። ጨዋታው አራት ሩብ አለው፤ እያንዳንዱ ሩብ 15 ደቂቃ ይፈጃል።

አሁን ወደ አጭሩ እንለፍ። በ2009 ማንቸስተር ውስጥ ስድስት ብሔራዊ ቡድኖች የተካፈሉበት የመጀመሪያው አጭር ውድድር ተደረገ፤ ከስድስቱ አንዷ ማላዊ ነበረች። በክሪኬትና በራግቢ የጨዋታውን ጊዜ ማሳጠር ተመልካችን ወደ ስታዲየምና ወደ ቴሌቪዥን መሳቡ ታይቶ ስለነበር፣ የኔትቦል ሰዎችም ያንኑ ለመሞከር ተነሱ። እያንዳንዱ ሩብ ከ15 ወደ 6 ደቂቃ ወረደ። በ2012 ውድድሩ ወደ ኦክላንድ ሲዛወር የተሰላፊው ቁጥር ከሰባት ወደ አምስት ተቀነሰ፤ «ፋስት ፋይቭ» የሚለው ስምም ከዚያ መጣ። የወጡት ሁለቱ ክንፎች፣ ማለትም ክንፍ አጥቂዋና ክንፍ ተከላካይዋ ናቸው።

ከሁሉ የሚያነጋግረው ግን የነጥብ አሰጣጡ ነው። ከቀለበቱ እስከ 3.5 ሜትር ድረስ ሆኖ ያገባ 1 ነጥብ፣ ከ3.5 እስከ 4.9 ሜትር ባለው ክልል ሆኖ ያገባ 2 ነጥብ፣ ከግማሽ ክቡ ውጪ ሆኖ ያገባ 3 ነጥብ ያገኛል። በዚህ ላይ የሚገባው ጎል ሁሉ በእጥፍ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። እንግዲህ አንዲት ኳስ ስድስት ነጥብ ልታመጣ ትችላለች ማለት ነው።

እስቲ ይህን በሒሳብ እንየው። ለምሳሌ አንዲት ተጫዋች ከቅርብ ከወረወረቻቸው 10 ኳሶች 9ኙን፣ ከመካከለኛው ርቀት 5ቱን፣ ከሩቅ ደግሞ 3ቱን ታገባለች እንበል። ከአሥር ሙከራ ከቅርብ 9፣ ከመካከለኛው 10፣ ከሩቅ 9 ነጥብ ታገኛለች። እንግዲያው ሦስቱ እኩል ናቸው ልንል ነው? አይደሉም። ከሩቅ ስትወረውር ሰባት ጊዜ ትስታለች፤ የሳተችው ኳስ ደግሞ በተቃራኒ ቡድን እጅ ልትወድቅ ትችላለች። ስለዚህ የሚመራ ቡድን ከቅርብ ይወረውራል፤ 11 ነጥብ ተመርቶ አንድ ደቂቃ የቀረው ቡድን ግን ጊዜው የእጥፍ ከሆነ በሁለት የሩቅ ኳስ 12 ነጥብ አግኝቶ ሊያልፍ ይችላል። በሙሉው ጨዋታ ይህ የማይታሰብ ነው። እጥፉ ሁሉንም ጎል እኩል ስለሚያሳድግ የትኛው ርቀት እንደሚሻል አይለውጥም፤ የሚለውጠው የጊዜን ዋጋ ነው። ተቃራኒ ቡድን ጎሉ በእጥፍ በሚቆጠርለት ጊዜ ኳስን በትዕግሥት እየተቀባበሉ ሰዓቱን መብላት ከጎል የማይተናነስ ሥራ ይሆናል።

ለመሆኑ ይህ ለውጥ የአገሮቹን አሰላለፍ ለወጠው ወይ? በከፊል። በሙሉው ጨዋታ አውስትራሊያ ከ1963 እስከ 2023 ከተደረጉት 16 የዓለም ሻምፒዮናዎች 12 ጊዜ ዋንጫ ወስዳለች፤ አንዱን የተጋራችው ነው። በአጭሩ ውድድር ግን የመጀመሪያ ዋንጫዋን ያገኘችው በ2022 ክራይስትቸርች ላይ ነው፤ በፍጻሜው የገጠመቻት ደቡብ አፍሪካ ነበረች። እስከዚያ ድረስ የገነነችው ኒውዚላንድ ስትሆን እንግሊዝም በ2011ና በ2017 አሸንፋለች። ጨዋታው ሲያጥር የዕድል ድርሻ ይጨምራል፤ በ24 ደቂቃ ውስጥ ጠንካራው ቡድን ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ አያገኝም። እኛ ይህን እንደ ጉድለት ብቻ አናየውም።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱ ክንፎች ሲወጡ የመሀል ሜዳው ሥራ ይሳሳል። ኳስን በትክክለኛው ጊዜ ለጎል አግቢዋ የሚያቀብለው፣ በነጥብ ሰሌዳ ላይ ስሙ የማይታየው ሰው ነው የጠፋው። የረጅም ርቀት ጎል የሚያስጨበጭበውን ያህል ይህ አያስጨበጭብማ! ነገሩም በአጭሩ ውድድር ብቻ ተወስኖ አልቀረም። በ2020 የአውስትራሊያ ከፍተኛ ሊግ በየሩቡ የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ከሩቁ ክልል ለሚገባ ጎል 2 ነጥብ እንዲሰጥ ወሰነ። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ስለተነገረ ከተጫዋቾች ብርቱ ተቃውሞ ተነሳ። የመዝናኛው ሕግ ወደ ዋናው ቤት ሲገባ የቤቱ ሰዎች ቀድመው መጠየቅ ነበረባቸው የሚል እምነት አለን።

ለክፍላችንስ? ሙሉው ኔትቦል እረፍቱን ሳይጨምር 60 ደቂቃ ነው፤ የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አይችለውም። አጭሩ ግን 24 ደቂቃ ስለሆነ ሰውነት ለማሟሟቅና ለእረፍት ጊዜ ይተርፋል። ሜዳውን በኖራ ወይም በአመድ ማስመር ይቻላል፤ የ3.5 ሜትሩን መስመር ለማውጣት አንድ ገመድ ከምሰሶው ሥር አስሮ ማዞር ይበቃል። ሜዳው ሳይጠብ ሰው ስለሚቀንስ ሩጫው ይበዛል፤ ጨዋታው ሳይቆም ተጫዋች መቀየር የተፈቀደውም ለዚህ ነው። ሃምሳ ተማሪ ላለው መምህር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በየሁለት ደቂቃው አምስት አምስት እየቀየረ ሁሉንም ሊያዳርስ ይችላል።

ስለ ቅደም ተከተሉ ግን የምንለው አለን። ተማሪዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰባቱንም ቦታዎች ይማሩ፤ ክንፍ ሆነው ኳስ ማቀበልን ሳያውቁ ወደ አምስቱ ከሄዱ ሁሉም ከሩቅ መወርወር ብቻ ነው የሚያምረው። የነጥብ እጥፉም ለጊዜው ይቆይ። ደግሞም መለያው በየሩቡ ይዘዋወር፤ አለበለዚያ ረጅሟ ልጅ ከቀለበቱ ሥር፣ አጭሯ ከመስመሩ ውጪ ቆመው ዓመቱ ያልቃል።