አደራን በሁለት ሰው እጅ መጠበቅ
ለወጣቶች መሪዎችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረበ ትምህርት

ሐና ብላቴናውን ሳሙኤልን ይዛ ወደ ሴሎ በወጣች ጊዜ፣ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ልጇን ያስረከበችው ለአንድ ሽማግሌ፣ ለካህኑ ለዔሊ ነበር። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 2 እና 3 እንደሚተርከው ዔሊ ራሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ብላቴናው የእግዚአብሔርን ድምፅ እንዲለይ ያስተማረው እርሱ ነው። ነገር ግን በዚያው ቤት የገዛ ልጆቹ የመሥዋዕቱን ሥጋ ይቀሙ፣ በመቅደሱ ደጅ የሚያገለግሉትንም ሴቶች ያስነውሩ ነበር። ዔሊ ይህን ሰምቶአል፤ በቃልም ገሥጾአቸዋል፤ ከአገልግሎታቸው ግን አላነሣቸውም። የተፈረደበትም እያወቀ ባለመከልከሉ ነው። ስለ ልጆች መሪነት የሚሰጥ ትምህርት ከዚህ ታሪክ ቢነሣ ተገቢ ነው፤ ጥያቄያችን ክፉ ሰው ቢመጣ ምን እናድርግ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ደጋግ ሰዎች ባሉበት ቤት ልጅ እንዴት ሊጎዳ ይችላል የሚልም ነውና።

ውድ አንባብያን፣ ስካውት ተብሎ የሚጠራው የወጣቶች እንቅስቃሴ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በትምህርት ቤቶች የታወቀ ነበር፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተቋረጠ፤ በኋላ ዘመንም የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር እንደገና ተደራጅቶአል። እንቅስቃሴውን የጀመረው እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ሮበርት ባደን ፓወል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ በተባለች ደሴት 20 ያህል ልጆችን ሰብስቦ ባደረገው ካምፕ ይታወሳል። በካቶሊካዊት ቤተክርስቲያንም ኢየሱሳዊው ካህን አባ ዣክ ሰቨን እ.ኤ.አ. በ1920 የፈረንሳይን ካቶሊካዊ ስካውት ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። ነገር ግን እዚህ የምንመለከተው የስካውትን ዜማና የአንገት ልብስ አይደለም። ስካውት በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ እንቅስቃሴ እንደ መሆኑ መጠን፣ የሌላውን ሰው ልጅ ከቤቱ አውጥቶ የሚመራ ደመወዝ የሌለው ሰው ምን ሊጠብቅ እንደሚገባው ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ ዋጋ ተምሮአል። ይህ የመዘምራንን ጉዞ፣ የበዓል ንግደትን፣ የእግር ኳስ ቡድንንና የክረምት ትምህርትን ለሚመራ የቁምስና አገልጋይ ሁሉ የሚሆን ትምህርት ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ከተፈጥሮ አደጋ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1912 ከለንደን ዋልዎርዝ ሠፈር የተነሡ ስካውቶች ከመሪዎቻቸው ጋር በጀልባ ወደ ሌይስዳውን ሲቃረቡ ድንገተኛ ነፋስ ጀልባይቱን ገለበጣት። 9 ልጆች ሰጠሙ፤ ከእነርሱም 8ቱ ስካውቶች ነበሩ። መሪዎቹ ልጆቹን ጥለው የሄዱ ሰዎች አልነበሩም፤ አብረዋቸው በጀልባው ላይ ነበሩ። በጎነት ብቻውን ነፋስን አያቆምም።

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል እስከ መካነ ሰላም በሚዘልቀው ደጋ ባሕር የለም፤ አደጋው ግን በሌላ መልክ ይመጣል። የፋሲካ ዕረፍት ብዙ ጊዜ ከበልግ ዝናብ ጋር ይገናኛል፤ ጠዋት ጫማ ሳያወልቁ የተሻገሩት ወንዝ ከቀትር በኋላ ላይኛው አገር በጣለው ዝናብ ደራሽ ውኃ ሆኖ ይጠብቃል። ሰማዩ ከራስ በላይ ጥርት ያለ ቢሆንም እንኳ ይህ ይሆናል፤ ብዙዎችም የሚታለሉት በዚሁ ነው። ስለዚህ መሪው ከመነሣቱ በፊት የመመለሻውን መሻገሪያ ከአካባቢው ገበሬዎች ይጠይቃል፤ ውኃ ከሞላም ማዶ ማደር እንጂ መሻገር የለም። የወላጅ ቁጣ ከሬሳ ይሻላል። ከቦረና ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ለመውረድ ያሰበ ቡድን ደግሞ ሌላ አገር እንደሚገባ ይወቅ፤ እዚያ ወባ አለ፣ በወንዙም አዞ አለ፤ የደጋ ልጅም ሙቀቱን አልለመደውም።

የደንቆሮ ጫካን የያዘው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ለልጆች ታላቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታይበት ስፍራ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ይዘልቃል፤ ሌሊቱም ብርቱ ነው። ዝናብ የመታው ልጅ ነፋስ ሲያገኘው በመጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩም ይሰናከላል። መንቀጥቀጡ ሲቆም ተሻለው ብሎ የሚደሰት መሪ ተሳስቶአል፤ ሰውነቱ ሙቀት መስጠት አቅቶታልና። በዚያን ጊዜ እርጥብ ልብሱን አውልቆ በደረቅ ጋቢ መጠቅለል፣ መዋጥ የሚችል ከሆነም ትኩስና ጣፋጭ ሻይ መስጠት፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። አረቄ ከቶ አይሰጥም፤ ቆዳን ያሞቀ ይመስላል እንጂ የውስጡን ሙቀት ያባክናል።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ያስተውል። የልጅን እርጥብ ልብስ የሚያወልቀው ማን ነው? በየትስ ቦታ? ማንስ እያየ? የብርዱ ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ትምህርት ያደርሰናል፤ ይኸውም ከሰው ስለሚመጣ አደጋ ነው።

የአሜሪካ ቦይ ስካውት ድርጅት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርታት አንሥቶ ለመሪነት የማይገቡ ሰዎች ስም የተመዘገበበት ምሥጢራዊ መዝገብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኦሪገን ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከ1200 የሚበልጡ መዝገቦች ለሕዝብ ሲገለጡ፣ በልጆች ላይ በደል እንደ ፈጸሙ ከተጠረጠሩት ብዙዎቹ ለፖሊስም ለወላጅም ሳይነገርባቸው እንደ ቀሩ ታየ። ድርጅቱ በየካቲት 2020 የኪሳራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቀረበ፤ በልጅነታችን ተበድለናል ብለው ያመለከቱት ሰዎች ቁጥርም ከ82000 በላይ ሆነ። መዝገብ መያዙ በጎ ነበር፤ የዔሊ ኃጢአት ግን ይኸው ነበር፤ ያውቃሉ፣ አያግዱም። እኛም ካቶሊካውያን ይህን ስንጽፍ ጣታችንን ወደ ሌላው የምንቀስር አይደለንም። በቤተክርስቲያናችን ውስጥ የሆነው በዓለም ሁሉ ፊት የታወቀ ነው። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በግንቦት 2019 ባወጡት፣ በ2023ም አሻሽለው ባጸኑት ሕግ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ጥቆማ የሚቀርብበት፣ ምእመናን በቀላሉ የሚያገኙት መንገድ እንዲኖረው አዝዘዋል።

ከዚህ ሁሉ መከራ የተገኘው ደንብ ሲታይ ትንሽ ነው። አዋቂ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ሰው በማያየው ስፍራ አይሆንም፤ በማንኛውም ጉዞና ስብሰባ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይገኛሉ፤ ሴቶች ልጆች ካሉም ከመሪዎቹ አንዷ ሴት ትሆናለች። መሪና ልጅ በአንድ ድንኳን ወይም በአንድ ምኝታ አያድሩም። ልጅን በግል መምከር ካስፈለገ፣ ቃሉ በማይሰማበት ሆኖም ሁሉ በሚያየው ስፍራ ይሁን። በስልክ የሚላክ መልእክትም በዚሁ ሚዛን ይለካ፤ ለልጁ የተጻፈውን ወላጁ ሊያነበው ይገባል። ብርድ የመታውን ልጅ ልብስ የሚያወልቁት እንግዲህ ሁለት ሆነው ነው ማለት ነው።

አንዳንዱ አገልጋይ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ሃያ ዓመት ያገለገልሁ እንዴት እጠረጠራለሁ ይላል። ለእርሱ የሐዋርያው የጳውሎስን አሠራር እናሳየው። ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ የተመሰከረላቸው ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ፤ ምክንያቱንም በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ሲገልጽ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ በጌታም በሰውም ፊት የቀናውን ለማድረግ እንደሚያስብ ይናገራል። ገንዘብ በሁለትና በሦስት ሰው የሚጠበቅ ከሆነ ልጅ በስንት ይጠበቅ? ደንቡ ንጹሑን መሪ ከሐሜት ይጋርደዋል፤ ያልታወቀውን ክፉ ግን ጨለማ ያሳጣዋል።

ቁጥሩን በተመለከተ ግን አንድ ነገር መታረም አለበት። ሁለት መሪዎች 20 ልጆችን ይዘው ወደ ደንቆሮ ቢወጡና የአንዱ ልጅ እግር ቢወለም፣ አንዱ መሪ በሽተኛውን ይዞ ሲወርድ ሌላው ከ19 ልጆች ጋር ብቻውን ይቀራል፤ የወረደውም ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ነው። ደንቡ በሁለቱም ወገን ፈረሰ። ስለዚህ ለሩቅ ጉዞ ሁለት ትንሹ ቁጥር እንጂ በቂው ቁጥር አይደለም፤ አራት ቢሆኑ መልካም ነው። ሲኬድም አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ደጀን ሆኖ፣ በየማረፊያውና በየወንዙ ማዶ ልጆች በስም እየተጠሩ ይቈጠሩ።

መሪን ስለ መምረጥ ስንናገር ትልቁ እንቅፋታችን ይሉኝታ ነው። የተከበረ ሰው ላገልግል ብሎ ሲመጣ ማን ይጠይቀዋል? ሆኖም ይጠየቅ። ቀድሞ የኖረበት ቁምስና ቆሞስ ስለ እርሱ ይጻፍለት፤ ለወራት ያህል በሌሎች ዓይን ሥር ያገልግል፤ ደንቡንም አንብቦ ይፈርም። ለመጠየቅ የሚቈጣ ሰው በሌላ አገልግሎት ይርዳን። አለንጋና ዱላም ከመሪው እጅ ይውጣ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ጠብቆታል፤ ቁምስና ከዚያ ሊያንስ አይገባውም።

ልጅ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አትናገር ብሎ ወደ መምህሩ ሲመጣ፣ መምህሩ የዝምታ ቃል አይግባ። የኑዛዜ ምሥጢር የካህን ነው፤ መምህር ኑዛዜ ተቀባይ አይደለም። በትዕግሥት ይስማ፤ እንደ መርማሪ አይጠይቅ፤ የሰማውን በልጁ ቃል ጽፎ በዚያው ዕለት ለቆሞሱ ያድርስ። ነገሩ ቆሞሱን ራሱን የሚነካ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ይሂድ። ከዚህ በኋላ ሽማግሌዎች ልናስታርቅ ብለው መምጣታቸው አይቀርም። ሽምግልና የድንበርንና የብድርን ጠብ ያበርዳል፣ የተከበረም ነው፤ በልጅ ላይ የተፈጸመ የግብረ ሥጋ በደል ግን በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከባድ ወንጀል ስለ ሆነ በካሣና በይቅርታ የሚዘጋ አይደለም። ለፖሊስ ይነገራል።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ካቶሊካውያን ጥቂቶች ነን፤ ጎረቤታችን ኦርቶዶክሳዊና ሙስሊም ነው፤ ልጆቻችንም ተለይተው አይጫወቱም። ከዚህ የተነሣ ወደ ጉዞአችን የሚመጣው ልጅ የእነርሱም ልጅ ነው፤ አደራውም በእጥፍ ይከብዳል። ወላጁ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚመራው፣ መቼ እንደሚመለስ፣ ጸሎትና ትምህርት ይኖር እንደ ሆነም አስቀድሞ ይንገሩት። ማንበብ ለማይችለው በምስክር ፊት ይነበብለትና አሻራውን ያኑር። በምግብም ነገር ቀላሉ መንገድ ሁሉ የሚበላውን ሽሮና ድንች መቀቀል ነው፤ በሥጋ ምክንያት የጠፋ መተማመን በአሥር ዓመት አይመለስም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ከደረሰው ግጭት የተነሣ ደግሞ አንድ ጥብቅ ነገር እንጨምራለን። ካኪ ለብሰው ዱላ ይዘው በሰልፍ የሚሄዱ ወጣቶች ከሩቅ ሲታዩ ሌላ ነገር ሊመስሉ ይችላሉ። የደንብ ልብሱ በቤት ይቅር፤ ለቀበሌው ሳይነገር ማንም ከከተማ አይውጣ፤ መንገዱ አጠራጣሪ ከሆነም በቁምስናው ግቢ ውስጥ ድንኳን መትከል ይበቃል። ልጆች እንደሆኑ በግቢም ካደሩ ደስ ይላቸዋል።

ጉዞው የሚያበቃው መኪናው በቁምስናው በር ሲቆም አይደለም። መዝገቡ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ልጅ በስሙ ተጠርቶ ለፈረመው ሰው ይሰጣል። አጎቱ ነኝ፣ እናቱ ልካኝ ነው የሚል ሰው ቢመጣ፣ ልጁ ቢያውቀውም እንኳ፣ እናቲቱ ተጠርታ ወይም በስልክ ተጠይቃ እስክታረጋግጥ ድረስ ልጁ ከሁለቱ መሪዎች ጋር ይቈያል። ቢመሽም ይቈያል።