የቡኢ ተማሪዎች በትምህርት ቤት የአእምሮ ጤና እገዛ ከመሻት ለምን ያመነታሉ? «የግንዛቤ እጥረት» የሚለውን ማብራሪያ እንደገና መፈተሽ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በቡኢ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለአእምሮ ጤና ችግር በትምህርት ቤታቸው በኩል እገዛ ለመጠየቅ ለምን እንደሚያመነቱ ይመረምራል። በቡታጅራና በሶዶ የተካሄዱ የታተሙ ጥናቶችን በሌሎች አገሮች ከተደረጉ የወጣቶች ጥናቶች ጋር አያይዞ የሚያነብ ዳሰሳ ሲሆን አዲስ የመስክ መረጃ አያቀርብም። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የተማሪው ማመንታት በአመዛኙ ምክንያታዊ ስሌት መሆኑ ነው፤ ተማሪው ምስጢሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ አማካሪው ሌላ ምን ሥልጣን እንደያዘና የቤተሰቡ ገመና ምን እንደሚሆን ያሰላል።

መነሻ

በአገራችን ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና የሚዘጋጁ የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ የሚደርሱበት መደምደሚያ ተመሳሳይ ነው፤ የተማሪዎች ግንዛቤ አነስተኛ በመሆኑ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሊሰጥ ይገባል የሚል ነው። መደምደሚያው ስሕተት ነው ባይባልም በቀላሉ የሚገኝ ስለሆነ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባዋል። ቡኢ ደግሞ ይህን መደምደሚያ ለመፈተን ከአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች የተሻለ አመቺነት አላት።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በቡታጅራ መንገድ ላይ የምትገኘው ቡኢ፣ በአፍሪካ ደረጃ በስፋት ከታወቁት የአእምሮ ጤና የምርምር አካባቢዎች በአንዱ ውስጥ ናት። በአጎራባቿ በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎች ለስኪዞፍሬንያና ለባይፖላር ሕመም ልየታ ቤት ለቤት ተጠይቀዋል፤ የተለዩትም ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በኔፓል፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የተካሄደው «ፕራይም» የተሰኘው ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ የመረጠው ወረዳ ሶዶ ነበር። በፕሮግራሙ የወረዳው ጤና ጣቢያዎች ሠራተኞች የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ተከትለው የአእምሮ ሕመምን እንዲለዩና እንዲያክሙ ሠልጥነዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየመንደሩ ሕሙማንን እንዲጠቁሙ ተደርጓል። ቀድሞ ቡታጅራ ሆስፒታል ድረስ ይኬድለት የነበረው ሕክምና ወደ ቀበሌው ቀረበ።

እንግዲህ ስለ አእምሮ ሕመም ይህን ያህል በተሠራበት ወረዳ ውስጥ የሚኖር ተማሪ አሁንም የአማካሪ ቢሮ ደጃፍ ላይ የሚያመነታ ከሆነ፣ «አላወቀም» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

የታወቀው ሕመምና ስም ያላገኘው ሥቃይ

አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ቁልፍ መረጃ ሰጪዎች የአእምሮ ሕመም ምልክት ብለው በብዛት የጠቀሱት ለፍላፊነትን፣ ጠበኝነትንና ያልተለመደ ጠባይን ነው። ለእነዚህ ምልክቶችም ከዘመናዊ ሕክምና ይልቅ ባህላዊውን ይመርጡ ነበር። የዕለት ተዕለት አማርኛችንም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፤ «ጨርቁን ጣለ» የምንለው በአደባባይ ለታየ ሰው ነው። ከሁለት ወር በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ምሳውን ሳይበላ የሚመለስ፣ ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ተማሪ ግን በዚህ ሥዕል ውስጥ ቦታ የለውም። መምህሩ «ጨዋ ልጅ» ይለዋል። እሱም ራሱን እንደ ታማሚ አያይም፤ «ራሴን ያመኛል»፣ «ሆዴ ባር ባር ይላል»፣ «ማሰብ አብዝቻለሁ» ይላል እንጂ።

የፕራይም አገልግሎት በሶዶ ትኩረት ያደረገባቸው ሕመሞች አራት ነበሩ፤ እነርሱም የሥነ አእምሮ መቃወስ (ሳይኮሲስ)፣ ድብርት፣ የሚጥል በሽታና የአልኮል ችግር ናቸው። ምርጫው በዚያ ወቅት ተገቢ ነበር። ይሁንና አገልግሎቱ በዋናነት ለአዋቂዎች የተዘረጋ ስለነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ስለ ሕፃናትና ወጣቶች የራሱ ክፍል ቢኖረውም፣ የወጣቱ ጉዳይ ወደ ኋላ ቀርቷል። በአዋቂዎችም ዘንድ ቢሆን በዚህ አካባቢ በጤና ጣቢያ ደረጃ ለመለየት እጅግ ያስቸገረው ድብርት ነበር፤ ሕመምተኛው የሚናገረው ስለ ራስ ምታቱና ስለ ድካሙ ነውና። ሠልጥኖ የተቀመጠ ባለሙያ ያላየውን የ16 ዓመት ልጅ በራሱ ላይ ለይቶ እንዲያየው መጠበቅ ፍትሐዊ አይመስልም። አውስትራሊያዊው አንቶኒ ጆርም እ.ኤ.አ. በ1997 «የአእምሮ ጤና ዕውቀት» የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ሲያስተዋውቅ ቀዳሚ ያደረገው ሕመሙን የመለየት ችሎታን ነበር። በእኛ ሁኔታ ግን ችግሩ የተማሪው ባዶነት አይደለም። ስለ አእምሮ ሕመም የተማረው ሥዕል አለ፤ ሥዕሉ እሱን አይመስልም። በዚሁ ሥዕል ላይ የተመሠረተ ግንዛቤ ማስጨበጫ ቢጨመር ደግሞ «እኔ እንደዚያ አይደለሁም» የሚለውን እምነት ያጠነክር ይሆናል።

የአማካሪው በር

ከላይ ያለው ሁሉ ተፈትቶ ተማሪው እገዛ እንደሚያስፈልገው ቢያውቅ እንኳ ቀጣዩ ጥያቄ ወደ ማን ይሄዳል የሚል ነው። የዚህ ጸሐፊ ትኩረት በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

የምክር አገልግሎት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አዲስ አይደለም። ሆኖም በብዙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሙሉ ጊዜ አማካሪ ስለማይኖር ሥራው በመምህር ይሸፈናል፤ አማካሪ በተመደበበትም ቦታ የአስተዳደር ሥራ ይታከልበታል። ያው ሰው የቀሪ መዝገብ ይቆጣጠራል፣ የደንብ ልብስ ያላሟላውን ከበር ይመልሳል፣ በሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ይሰየማል። በዚህ አደረጃጀት ቢሮ መጠራት ለተማሪው አንድ ትርጉም ብቻ አለው። ከዚያ የሚወጣውም ሁሉም የሚያውቀው ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ወላጅ ይዘህ ና።» ተማሪው በራሱ ፈቃድ ወደዚያ ቢሮ ቢገባ፣ በመስኮት የሚያዩት ጓደኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምን አጥፍተህ ነው?» ብለው ነው። ይህን ጥያቄ ላለመስማት መራቅ ከዕውቀት ማነስ የመጣ ነው ማለት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ከሕንድ የተገኘ ማስረጃ ጠቃሚ ነው። በቢሃር ግዛት በ75 የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታቅዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላንሴት» ላይ የታተመው የ«ሰሄር» ጥናት ትምህርት ቤቶቹን በሦስት ምድብ ከፈለ። በአንዱ ምድብ ፕሮግራሙን የመራው ለዚሁ ሥራ ብቻ የተቀጠረ፣ ሙያዊ ዲግሪ ያልያዘ ነገር ግን የሠለጠነ የማኅበረሰብ አማካሪ ነው፤ በሁለተኛው የትምህርት ቤቱ መምህር ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ መራው፤ ሦስተኛው ማነጻጸሪያ ነበር። የትምህርት ቤቱ አየር የተሻሻለው፣ የድብርት ምልክቶችና ጉልበተኝነትም የቀነሱት በአማካሪው ምድብ ነው። በመምህሩ ምድብ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ይዘቱ አንድ ዓይነት ነበር፤ የተለየው ሰውየውና ድርሻው ነው። ለልዩነቱ የመምህሩ የሥራ ጫና አንድ ማብራሪያ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ማርክ የሚሰጥና የሚቀጣ ሰው ምስጢር ተቀባይ መሆን ይቸግረዋል የሚለው ማብራሪያም አብሮ ሊታይ ይገባል። ቢሃርና ቡኢ አንድ ባይሆኑም በተማሪ ብዛት የተጨናነቀው ክፍል፣ የመምህር ክብርና የወላጅ ተስፋ ይመሳሰላሉ።

የፈተናው ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩም ዙር ቁጥሩ ከ4 በመቶ በታች ሆኗል። በዚህ ጥላ ሥር ያለ ተማሪ «ጨነቀኝ» ቢል ከመምህሩ የሚጠብቀው መልስ «አጥና» የሚል ነው። መልሱ ክፋት የለበትም፤ ግን ውይይቱን ይዘጋዋል።

ገመና፣ ምስጢርና ትንሽ ከተማ

ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ በቡታጅራ የከባድ የአእምሮ ሕሙማን ዘመዶች የሆኑ 178 ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ገልጸዋል። የዘመዳቸውን ሕመም ለመሰወር እንደሚሹ የተናገሩት 37 በመቶ ሲሆኑ፣ ሁኔታውን ለመቋቋም ጸሎትን የመረጡት ደግሞ 65 በመቶ ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች ስለ አዋቂዎች ቢሆኑም ለተማሪው ጉዳይ አንድ ቁም ነገር ያቀብላሉ፤ መገለሉ የሚያርፈው በግለሰቡ ላይ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ላይ ነው። ልጅቷ ስለ ራሷ ብትናገር ስለ እናቷ፣ ስለ እኅቷ የትዳር ዕድል፣ ስለ አባቷ ጠባይ ተናገረች ማለት ነው። ይሉኝታ የምንለው ነገር እዚህ ላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ፈሊጥም በውጭ ጥናቶች «በራስ መወጣት» ከሚባለው ይለያል። አሚሊያ ገሊቨርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት የ22 ጥናቶች ክለሳ ከመገለል፣ ከምስጢር ሥጋትና ምልክትን ካለመለየት ጋር በራስ የመወጣት ምርጫ ከዋና ዋና እንቅፋቶች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያ ትርጉሙ ወጣቱ ነፃነቱን መጠበቁ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሆድ የሚፈጀው ብዙ ጊዜ የሌላውን ሰው ምስጢር ነው። የውጭ መጠይቆችን ተርጉመን ስንጠቀም ይህ ልዩነት ይጠፋል።

ጸበልንና ጸሎትን በተመለከተ ረጅም መከራከሪያ አያስፈልግም። የምድረ ከብድ ገዳም የሚገኝበት ወረዳ ነው፤ በአካባቢው ሙስሊሞችም ዘንድ የቁርኣን ሕክምና የታወቀ ነው። ወደዚያ መሄድ ከቤተሰብ ጋር የሚደረግ፣ ማንንም የማያሳፍር ጉዞ ነው። ለዚህም ነው ትምህርት ቤቱ ያልሰጠውን የሚሰጠው።

ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው ቡኢ ውስጥ ክፍል ተከራይተው የሚማሩት ግን በሌላ ሁኔታ ላይ ናቸው። ስንቃቸውን ከቤት እያመጡ ሁለት ሦስት ሆነው ይኖራሉ። ጠባያቸው ሲለወጥ የሚያይ ወላጅ አጠገባቸው የለም። መጀመሪያ የሚያውቀው አብሮ አደሩ ነው፤ እሱም ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረው የለም። ጤና ጣቢያ ቢሄዱም ካርድ ክፍሉ ላይ የሚቀመጠው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ የሰፈር ሰው ወይም ዘመድ ነው። ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑም «አሳዳጊህ የት አለ?» መባሉን ይፈራሉ።

ከዚህ የሚከተለው

ለተመራማሪዎች በመጀመሪያ መለወጥ ያለበት የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። «ችግር ቢያጋጥምህ ወደ አማካሪ ትሄዳለህ?» የሚል መጠይቅ የሚለካው ጨዋ መልስን ነው፤ በተለይ መጠይቁን የሚያድለው መምህሩ ሲሆን። የሚሻለው ተማሪው ባለፈው ጊዜ በእርግጥ ለማን እንደነገረ፣ ምን መልስ እንዳገኘና ወሬው ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄደ መከታተል ነው። ቃለ መጠይቁም ተማሪው ቤቱ በሚያወራበት ቋንቋ፣ በክስታንኛም ሆነ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ ቢደረግ «ማሰብ አበዛሁ» ከሚለው ሐረግ በታች ያለው ይወጣል።

አሠራርን በተመለከተ አንድ ለውጥ ከሌሎቹ ሁሉ በፊት ሊመጣ ይገባል ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል፤ አማካሪው ከሥነ ሥርዓት ኮሚቴና ከቀሪ መዝገብ ሙሉ በሙሉ ይለይ። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የርዕሰ መምህሩ ውሳኔ ይበቃል። ሁለተኛው ምስጢር የሚጠበቅበትና የማይጠበቅበት ወሰን አስቀድሞ፣ ለሁሉም ተማሪ፣ በግልጽ መነገሩ ነው። ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ሌላ አዋቂ ሰው እንደሚነገረው ተማሪው ከመናገሩ በፊት ሊያውቅ ይገባል፤ ከተናገረ በኋላ የሚሰማው ወሰን ክዳት ይመስለዋል። ሦስተኛው በፕራይም ዘመን የሠለጠነው የጤና ጣቢያ አቅም ከትምህርት ቤቱ ጋር በቀጠሮ መገናኘቱ ነው፤ ባለሙያው በተወሰነ ቀን ወደ ግቢው ቢመጣና ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ራስ ምታትና ስለ ወር አበባ ሕመም ጭምር የሚያማክር ቢሆን፣ በሩ ላይ የቆመውን ተማሪ ማንም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ አይጠይቀውም።

ይህን ለመፈተን ከሚደረገው ጥናት ጋር የሚነሣ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ተሳታፊዎች የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱን ለመጠየቅ የሚላከው ወረቀት «የአእምሮ ጤና» የሚል ርዕስ ካለው፣ ጥናቱ ሊያገኛቸው የሚሻቸው ተማሪዎች ገና ከመጀመሪያው ይቀራሉ። ፈቃዱ የጥናቱን ይዘት ሳይደብቅ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ፣ በአንድነት ቢጠየቅ የትኛው ልጅ ለምን እንደተመረጠ የሚያስጠረጥር ነገር አይኖርም።