ለሽብሸባ ዜማ የሚያዘጋጅ ሰው ምን ያስቀድም?

በሰንበት ትምህርት ቤት አዲስ መዝሙር የምታዘጋጁ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምታነሡት ጥያቄ አለ፤ አባቶች በሠሩት ሥርዓት ላይ አዲስ ነገር መጨመር ይፈቀዳል ወይ? ይፈቀዳል። ነገር ግን አዲሱ በየት በኩል እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህንንም ለመማር ላሊበላን የመሰለ ጉባኤ የለም።

ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በልደት በዓል፣ ካህናቱ ቤተ ማርያምን በከበበው ማሜ ጋራ በሚባለው የዐለት አፋፍ ላይ ይሰለፋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከታች ከዐጸዱ ይቆማሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ቤዛ ኩሉ ሲዜም አንዱ ወገን ያለውን ሌላው ይቀበላል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈውን የሰማይና የምድር ምስጋና ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ በዐይኑ ያየዋል። አካሉ ሲንቀሳቀስ ቃሉን እየተረጎመ ነው።

የአቋቋሙን ሥርዓት በዝግታ እንየው። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል መጀመሪያ በቁም ዜማ ያደርሱታል፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ዜማውን ተከትሎ ከፍ ዝቅ፣ ወዲህ ወዲያ ይላል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በንኡሱ ረጋ ብለው፣ በዐቢዩ ጠንከር ብለው። በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባ ይታከላል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚዜመው ያው ቃል ነው። አካል ወደ ፍጥነቱ የሚደርሰው ጆሮና ልብ ቃሉን ከጠገቡት በኋላ ነው። መምህራንም የከበሮውን ሰፊ አፍ በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት፣ የተወጠረበትን ጠፍር ጌታ በተገረፈ ጊዜ በሰውነቱ በታየው ሰንበር ይመስሉታል። እንግዲህ ከበሮ የተሸከመ ሰው ነገረ ሥጋዌን ተሸክሟል ማለት ነው፤ እንዳሻው ሊመታው አይገባም።

ታዲያ አዲሱ የቱ ጋ ነው? ላሊበላ ካለችበት ከላስታ ብዙም ሳይርቅ በቅኔ ጉባኤው የታወቀው ዋድላ አለ። ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ይታሰባል፤ ትናንት የተሰማውን ዛሬ መድገም በቅኔ ቤት ነውር ነው። ባለቅኔው ግን ቃል እንደፈለገ አይደረድርም፤ የዜማው ልክ ይወስነዋል። ጉባኤ ቃና በ2 ቤት፣ ሥላሴ በ6፣ መወድስ በ8 ቤት ይፈጸማል። ምስጢሩ የዛሬ ነው፤ ልኩ ግን ከአባቶች የተቀበልነው ነው።

ይህን ሌላውም ዓለም ያውቀዋል። በእንግሊዝ ጆን ፕሌይፎርድ በ1651 እ.ኤ.አ. የአገሩን የገጠር ጭፈራ ዜማዎች ከእርምጃቸው ጋር አሳትሟል፤ ዛሬም ለዚያ ጭፈራ አዲስ ዜማ የሚደርሱ ሙዚቀኞች አሉ። እርምጃው ስንት ምት እንደሚፈጅ ቆጥረው ካልተነሡ ጨፋሪው እግሩን የሚጥልበት ያጣል። የእነርሱ ለጨዋታ፣ የእኛ ለአምልኮ መሆኑ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ልክን ማክበር ግን ለሁለቱም ግዴታ ነው።

እንቅስቃሴውም ቢሆን ተለውጦ ያውቃል። አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጣናን ሞገድና የሸምበቆውን መወዛወዝ አይተው አዲስ አቋቋም እንዳወጡ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት ባይቀበሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ በስሙም ተክሌ አቋቋም ተብሎ እስከ ዛሬ አለ። በእኔ አስተያየት ሊቃውንቱም መጠንቀቃቸው ተገቢ ነበር፤ አለቃም አላጠፉም። ቃሉን ትተው ቢሆን ኖሮ ስልታቸው ይህን ያህል ዘመን ባልዘለቀ ነበር።

ወደ እናንተ ልመለስ። ብዙ ጊዜ የማየው መዝሙር ከከበሮ ምት ሲጀመር ነው፤ ምቱ ይገኛል፣ ሽብሸባ ይወጣለታል፣ ግጥሙ በመጨረሻ ይለጠፍበታል። ይህ ቅደም ተከተል ይገልበጥ። በመጀመሪያ ግጥሙን ብቻውን ለመምህር አቅርቡ፤ ትምህርተ ሃይማኖቱ ይመርመር። ቀጥሎ ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከአራራይ ለቃሉ የሚስማማውን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ከዚያ ቆማችሁ በድምፅ ብቻ ዘምሩት። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉና ያ ወቅት ለዚህ ምቹ ነው፤ ያለ ምት ሲዘመር የሚሰለች መዝሙር ካጋጠማችሁ ግጥሙን ወይም ዜማውን አርሙ እንጂ ምት አትጨምሩበት። ከበሮ መቺው መጨረሻ ይጠራ፤ እርሱም ግጥሙን በቃሉ ይዞ ይምጣ።